ልጆቹን እውነተኛ ጫካ ላሳያቸው ብዬ ነበር

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከምስራቅ የሚመጡት ጥያቄዎች በዝተዋል፣ ደስ ይላል። ለዛሬ ሶስቱን መርጫለሁ፣ ሁለቱ ከድሬ አንዱ ከሐረር ናቸው፣ ሶስቱም ስለ ጫካና ስለ አውሬ ስለሆኑ አንድ ላይ ላድርጋቸው ብዬ ነው። የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ፣ እኔም ራሴ ያለፍኩበት ነገር ስለሆነ።

ጥያቄ፦

ሰላም ነው የኔ እህት፣ የምጽፍልሽ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ሶስት ልጆች አሉን፣ ትልቁ 12፣ መሃለኛዋ 9፣ ትንሹ ገና 5 ዓመቱ ነው። ድሬ ተወልደው ድሬ ነው ያደጉት፣ ጥላ ሲባል የሚያውቁት የከዚራን ዛፍ ነው፣ ወንዝ ሲባል ደቻቱን፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፣ እንስሳ ሲባል ደግሞ ግመልና ፍየል። ባለፈው ቲቪ ላይ የዝናብ ደን ምናምን እያዩ ጦጣው ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ትልቁ ልጄ ዞር ብሎ "እማ እንደዚ አይነት ጫካ እኛ ሀገር የለም አይደል" አለኝ፣ እኔም መልሱን ስለማላውቀው ዝም አልኩት ግን ከዛን ቀን ጀምሮ አንጀቴን በልቶኛል። ሰው ስጠይቅ ባሌ ሂዱ ይሉኛል። ባለቤቴ አዋሽ ፓርክ እዚሁ መንገዳችን ላይ ነው ሳላ አይተው ይመለሱ ምን ሩቅ ያስኬደናል ይላል። አማቴ ደግሞ ልጆቹን አንበሳ ሊበላቸው ነው ብለው ገና ሳንነሳ ለቁልቢ ገብርኤል ተስለዋል። እውነት እዚ ሀገር እንደዛ አይነት ጫካ አለ? ትንሹን ይዞ በእግር መሄድስ ይቻላል? ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ሄደን ምንም ሳናይ ብንመለስስ?

መልስ፦

እህቴ፣ ዛሬ ማታ እራት ላይ ለልጅሽ አለ ብለሽ ንገሪው። አለ፣ ያውም በመኪና የሚደረስበት። ባሌ ተራሮች ላይ ወጥተሽ በደቡብ በኩል ቁልቁል ስትወርጂ የምታገኚው ሃረና ጫካ ይባላል። ኮንጎ እንዳለው ቆላ ላይ የተኛ የሚያፍን ጫካ አይደለም፣ ተራራ ላይ የበቀለ የደመና ጫካ ነው፣ ግን ከምድር ወገብም ብዙ አይርቅም፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው እርጥበቱም አይለየውም፣ ስለዚ ልጅሽ ቲቪ ላይ ያየውን ነገር እዛ ሲገባ ይሄ ነው ማለቱ አይቀርም። አፈጣጠሩ ደስ ስለሚል መንገድ ላይ አስረጃቸው፦ ከህንድ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ አየር ተራራው ጋር ሲደርስ መሄጃ ያጣና ሽቅብ ይወጣል፣ ሲወጣ ይበርዳል፣ ሲበርድ ጉም ይሆናል ከዛም ይዘንባል። ዛፎቹ ላይ እንደ ሽማግሌ ጺም የተንዠረገገ ነገር ታያላችሁ፣ የዛፍ ሽበት የሚባለው፣ እሱ ላይ ጉሙ ይጠራቀምና ዝናብ በሌለበት ጠዋት እንኳ ጠብ ጠብ ሲል ትሰማላችሁ። እኛ ምስራቆቹ የምናውቀው ዋቢ ሸበሌ ጎዴ ድረስ ይዞት የሚወርደው ውሃ ከነዚህ ተራሮችም የሚነሳ ነው፣ ይሄን ሲሰሙ ጫካው የሩቅ ሰው ጫካ እንዳልሆነ ይገባቸዋል። የባሌ ተራሮች ፓርክ ደግሞ መስከረም 2016 ዓ.ም. ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል፣ ጀጎል በ1998 እንደተመዘገበው ማለት ነው።

ባለቤትሽ ስለ አዋሽ ያለው ስህተት አይደለም፣ በመንገዳችሁ ጎራ ብላችሁ ብታዩት ጥሩ ነው፣ ግን ሁለቱ ጋ አውሬ የሚታይበት መንገድ ለየቅል ነው። አዋሽ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለሽ ሳላውን ከሩቅ ታይዋለሽ። ጫካ ውስጥ ከ20 እርምጃ በላይ አይንሽ አይሄድም፣ ቅጠል ብቻ ነው። እዚ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ አዝኖ የሚመለሰው፣ እኛም እንደዛ ልንሆን ነበር።

መጀመሪያ ልጆቼን ይዤ ሃረና የገባሁ ጊዜ ጠዋት 2 ሰዓት ተነስተን እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ድረስ በእግር ሄድን። ልጆቹ ይሯሯጣሉ ይጣራሉ፣ ባለቤቴ በስልኩ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ እኔ "እዚ ጋ ጭቃ አለ፣ ተጠንቀቁ" እያልኩ እጮሃለሁ፣ አንድ አውሬ ሳናይ ቀረን። ትንሿ ልጄ ደክሟት ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና "ጫካው ባዶ ነው" ብላ አለቀሰች። ይሄ ቃሏ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ማታ ላይ አስጎብኚያችን፣ እዛው ሪራ የምትባል መንደር የተወለደ ወጣት ነው፣ ነገ አንሄድም አለን። በነጋታው 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የሚያክል የለሽ ዝግባ ስር ወስዶ ምንጣፍ አነጠፈልንና እኔ እስክነግራችሁ ማንም እንዳያወራ አለ። የመጀመሪያው አስር ደቂቃ ምንም። ልጆቹ መቁነጥነጥ ሲጀምሩ ወፎቹ ጀመሩ፣ ለካ እኛን ፈርተው ነው ዝም ያሉት። ቀጥሎ ከሩቅ አሮጌ የጭነት መኪና አቀበት ሲወጣ እንደሚያጉረመርመው ያለ ድምጽ መጣ፣ ትንሿ አንበሳ መስሏት እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ፣ አስጎብኚው ፈገግ ብሎ በጣቱ ወደ ላይ አሳያት፣ ጉሬዛ ነው። ወንዱ ጎህ ሲቀድ እዚ ነኝ ለማለት እንደዛ ያገሳል፣ አንዱ ሲጀምር ከማዶ ያለው መንጋ ይቀበለዋል ከዛ ሌላው እያለ ሸለቆው በሙሉ ይጮሃል። ትንሽ ቆይቶ ሰባት ስምንት ሆነው ከራሳችን በላይ መጡ፣ ያ ረጅም ነጭ ጸጉራቸው ሲዘሉ እንደ ጋቢ ይዘረጋል፣ አንዷ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ነጭ የሆነ ግልገል አቅፋለች ምክንያቱም ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ በኋላ ነው የሚመጣው። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ልጄ ከዛ በኋላ ጫካው ባዶ ነው ብላ አታውቅም።

ስለዚ ዋናው ነገር ብዬ የምነግርሽ ይሄን ነው፣ ብዙ አትሂዱ፣ ብዙ ተቀመጡ። ለ5 ዓመቱ ልጅም መፍትሄው እዚሁ ውስጥ አለ። ከሱ አቅም በላይ አትጓዙ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት የማይሞላ ለስላሳ መንገድ ሄዳችሁ ረጅም መቀመጥ፣ ከዛ ተመልሶ መብላትና መተኛት፣ ከሰዓት ወደ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ ሌላ አጭር ጉዞ። እኩለ ቀን ላይ አውሬውም ወፉም ያርፋል እናንተም እረፉ። ጉሬዛ ራሱ ቅጠል በልቶ ለማዋሃድ የቀኑን ብዙ ሰዓት ዝም ብሎ ነው የሚያሳልፈው፣ ለልጆቹ ይሄን ንገሪያቸው፣ ቁጭ ማለት ቅጣት አይመስላቸውም።

ልምምዱን ደግሞ ከቤት ጀምሩት። ማታ ግቢያችሁ ውስጥ አምስት ደቂቃ ማንም ሳያወራ ቁጭ በሉና የሰማችሁትን ድምጽ በጣት ቁጠሩ፣ አዛኑ፣ ባጃጁ፣ የጎረቤት በር፣ የአይጥ ኮሽታ፣ ምናምን። እኛ ቤት ትንሿ ከሁላችንም በልጣ 14 ደረሰች። እዛ ሲደርሱ ጨዋታው ያው ነው ድምጹ ብቻ ነው የሚቀየረው፣ ለምሳሌ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት የሚመስል ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ አለ፣ ሲበር ክንፉ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል፣ ሳታዩት ነው የምታውቁት። የዚ ወፍ ሴቷ እንቁላል ስትጥል የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባና በሩ ይለሰናል፣ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ይቀራል፣ ባልየው በዛች ስንጥቅ ነው ፍራፍሬ እያመጣ የሚያጎርሳት። መሃለኛዋ ልጅሽ ይሄን ብትሰማ እስከ አዳማ ድረስ ስለሱ ስታወራ ትሄዳለች።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከድሬ ተነስተሽ በአንድ ቀን ባሌ እገባለሁ አትበይ ከልጆች ጋር አይሆንም። አዋሽ፣ አዳማ፣ አሰላ፣ በቆጂ፣ ዶዶላ፣ ዲንሾ፣ ሮቤ ነው አካሄዱ። የመጀመሪያውን ሌሊት አዳማ ወይ አሰላ እደሩ፣ በሁለተኛው ቀን ዲንሾ ትደርሳላችሁ። ዲንሾ የፓርኩ ጽህፈት ቤት ያለበት ነው፣ መግቢያውን የምትከፍሉትና አስጎብኚ የምትይዙትም እዛው ነው፣ ዝም ብላችሁ አትለፉት ምክንያቱም ግቢው ዙሪያ ያለው ትንሽ ጫካ ውስጥ የደጋ አጋዘን፣ ከርከሮና ድኩላ ሰው ስለለመዱ ቅርብ ድረስ ይታያሉ። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም። ለትንሹ ልጅሽ ይሄ በጣም ጥሩ ጅማሬ ነው፣ ሳይለፋ አየ ማለት ነው፣ ሃረና ላይ ለመታገስ ስንቅ ይሆነዋል። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም ከዛው አካባቢ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ በወሬ አትነሱ።

አሁን በጣም የምለምንሽ ነገር። ድሬ ከባህር ወለል በላይ ወደ 1200 ሜትር ነው። ሃረና ለመግባት ከጎባ ተነስታችሁ የሳነቲን አምባ ማቋረጥ አለባችሁ፣ እሱ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ እዛው ያለው ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ነው። የቆላ ልጅ በአንዴ እዛ ሲወጣ ራሱን ሊያመው፣ ሊያስመልሰው፣ ሊያዞረው ይችላል፣ አየሩ ስስ ነው። ስለዚ ሮቤ ወይ ጎባ ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ከተቻለ ሁለት እደሩ ሰውነታቸው ይልመድ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ አጠጫቸው፣ ሳነቲ ላይ አታሯሩጧቸው። ትንሹ ከወትሮው ውጪ ከፈዘዘ፣ ካቅለሸለሸው፣ ወይ ራሴን ካለ መድሃኒት ሰጥቶ መቀጠል አይደለም፣ ወዲያው መውረድ ነው፣ መውረድ ነው መድሃኒቱ። ደግነቱ ከሳነቲ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። አማትሽም አብረው የሚሄዱ ከሆነና ግፊት ካለባቸው ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳይነሱ።

ሳነቲን ግን በመስኮት እያያችሁ ቀስ ብላችሁ እለፉት ምክንያቱም ቀይ ቀበሮ የምታዩት እዛ ነው። በዓለም ላይ የቀረው 500 አይሞላም፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ባሌ ነው ያለው። ቀይ ቀበሮው ባሌ ብቻ ያለውን ትልቁን ፍልፈል ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ ሲጠብቅ ልታዩት ትችላላችሁ፣ እሱም እንግዲ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድነው። ውሻ ያላችሁ እንደሆነ እቤት ተዉት፣ ቀበሮዎቹን የጨረሳቸው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ከሳነቲ ስትወርዱ ጫካው በየደረጃው ይቀያየራል፣ መጀመሪያ አስታው፣ ከዛ ኮሶው፣ ሪራ አካባቢ ቀርከሃው፣ ዝቅ ስትሉ ግዙፎቹ ዛፎች፣ ከዛ ደግሞ በጥላቸው ስር የጫካ ቡና። ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ የሚባል አለ፣ ምግቡ አብዛኛው የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው፣ ሌላው ጦጣ ያገኘውን ሲበላ እሱ መራጭ ነው፣ ለዛም ነው ቀርከሃው ሲቆረጥ መሄጃ የሚያጣው። ዓይን አፋር ነው፣ ካያችሁት እድለኞች ናችሁ። የጫካውን ቡና ስታዩ ደግሞ ልጆቹ ቅጠሉን ያሽትቱ፣ ሐረር ዘመድ ካላችሁ ያ ቁጢ የሚፈላበት ቅጠል ነው፣ ሰው ሳይተክለው ዝም ብሎ በራሱ ጫካ ውስጥ በቅሎ ሲያዩት ይገርማቸዋል። ቀና ስትሉ ዛፉ ጫፍ ላይ ቀፎ ተሰቅሎ ታያላችሁ፣ የአካባቢው ሰዎች እንዴት እዛ እንደሚወጡ እነሱኑ ጠይቋቸው፣ ያሳዩአችኋል፣ ማሩንም እዛው ግዙ።

አማትሽን እንዲህ በያቸው፦ አንበሳ አለ፣ ነብርም አለ፣ ውሸት አልነግራቸውም። ግን የጫካ አንበሳ ሰው ሲሸተው ብዙውን ጊዜ የሚሸሽ ነው፣ እዛ የተወለዱት ሰዎች እንኳ የሚሰሙት እንጂ የሚያዩት አልፎ አልፎ ነው። ህጉ ቀላል ነው፣ ያለ አስጎብኚ ጫካ አይገባም፣ ሲመሽ በእግር አይኬድም፣ ልጆች መሃል ይሆናሉ፣ ማንም ለብቻው ለሽንት እንኳ ራቅ አይልም። እኔን የሚያሰጋኝ አውሬው አይደለም፣ ሌሎች ትናንሽ ነገሮች ናቸው። ገብረ ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ ሳያዩ ከቆሙበት ሱሪ ውስጥ ይገባና ልጅ በጩኸት ይሞላል፣ ስለዚ ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ክተቱት፣ መዥገርም ይከላከላል፣ ማታ ማታ ደግሞ ገላቸውን ፈትሹ። ሳማ አለ፣ ቁምጣ አይለበስም። ዝናብ ቀላል ካፊያ ይመስልና ሰውን አርሶ ያበርዳል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የዝናብ ልብስና አንድ ቅያሪ በፌስታል ታስሮ ይያዝ። ድሬ ሹራብ ማን አለው፣ አሸዋ ገበያ ሳልቫጅ ውስጥ ወፍራም ጃኬትና ኮፍያ ፈልጊላቸው፣ ሳነቲ ሌሊት ውሃ ይረጋል። ጫማ ክፍት አይሁን፣ ሶሉም ያላለቀ ይሁን። ወደ ዶሎ መና እየወረዳችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ቆላ ነው ወባ አለ፣ አጎበር ለድሬ ሰው አልነግርም።

ጊዜው ከህዳር እስከ ጥር ይሻላል። ሃረና ከሌላው ቦታ ይልቅ ረጅም ወራት ነው የሚዘንብበት፣ ከመጋቢት ጀምሮ መንገዱ ሊያስቸግራችሁ ይችላል፣ ስለዚ የሴሚስተር እረፍቱ ላይ ብታደርጉት ልክ ይመጣል። ሁለት ሌሊት ሃረና ውስጥ ካላደራችሁ ደግሞ ባትደክሙ ይሻላል እላለሁ፣ አንዱ ጠዋት ሊጎም ይችላል ሌላው ይገለጣል።

ጥያቄ፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው የምኖረው። እኛም ከሁለት ጎረቤት ጋር ሆነን ባሌ ጫካ ልንሄድ አስበናል። የ8 ዓመቷ ልጄ እንደምታውቂው ከግንቡ ውጪ ማታ ማታ ጅብ ሲበላ እያየች ነው ያደገችው፣ እሷም ራሷ በእንጨት ስጋ ይዛ አጉርሳዋለች፣ አትፈራም ማሻአላህ። አሁን ደግሞ ለጦጣዎቹ ብላ ሙዝና ብስኩት ከአሁኑ እያጠራቀመች ነው። እኔ ምንም ችግር አልታየኝም ግን ጎረቤቴ አይቻልም አለኝ፣ ለምን እንደማይቻል ግን አላስረዳኝም። እንዴት ልንገራት?

መልስ፦

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ፣ ልጅህ አውሬን መውደዷ መታደል ነው፣ እንዳይቀዘቅዝባት አድርገህ ንገራት። ጎረቤትህ ልክ ነው። የሐረር ጅብና የከተማው ሰው ግን በጣም የቆየ ትውውቅ አላቸው፣ ግንቡ ላይ መግቢያ ቀዳዳ ተትቶለት፣ በአሹራ ቀን ገንፎ ቀርቦለት፣ የሚያበላው ሰው ራሱ ከአባቱ የተማረ ሆኖ ነው። ጅቡ ደግሞ አጥንትና ጥራጊ የሚበላ የከተማ ጽዳት ነው፣ ስጋ ስትሰጠው የራሱን ምግብ ነው የሰጠኸው።

ጉሬዛ እንደዛ አይደለም። ሆዱ እንደ ላም ሆድ በክፍል በክፍል የተሰራ ነው፣ ቅጠልን አብላልቶ የሚፈጭለት ውስጡ ያለው ጥቃቅን ነፍሳት ነው፣ ብስኩትና ጣፋጭ ነገር ሲገባበት ያ ስርአት ይዛባና ይታመማል። "ላም ሙዝና ብስኩት በልታ ብትውል ሆዷ እንዴት ይሆናል" ብለህ ጠይቃት፣ ራሷ ትመልስልሃለች። ሁለተኛው ነገር፣ ጦጣ አንዴ ከሰው እጅ ከበላ የሚቀጥለውን ሰው ይጠብቃል፣ ካልሰጠው ይቀማል፣ ህጻን ልጅን ይቧጭራል፣ ከዛ ሰዎች በድንጋይ ይመቱታል ወይ ማሳ ገብቶ ይገደላል። ልጅህ የሰጠችውን ሙዝ የሚከፍለው እሱ ነው። ሶስተኛ፣ እኛን የሚይዘን ጉንፋን እነሱንም ይይዛል፣ ያሳለው ልጅ ካለ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ የተላጠ ልጣጭም እዛ አይጣል።

ለሷ ግን አይቻልም ብቻ ብለህ አትተዋት፣ የምትሰራው ነገር ስጣት። አንድ ደብተርና እርሳስ ይዛ ትሂድና ጉሬዛዎቹ የበሉትን ቅጠል ትሳል፣ ስንት ሆነው እንደመጡ፣ ማን ማንን ጸጉሩን እንደሚፈልይ ትመዝግብ። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም፣ አራት ጣት ነው ያለው፣ ቅርንጫፉን እንዴት እንደሚይዝ አይታ ትንገርህ። ያጠራቀመችውን ብስኩት ደግሞ መንገድ ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ትብላው። አነር ወይ ጅብ ስታይ እንዳትጠጋው ግን አደራ፣ የሐረሩ ጅብ ወዳጇ ነው፣ የሃረናው ጅብ አያውቃትም፣ ይሄን ሶስት አራት ጊዜ ደጋግመህ ንገራት፣ ያልፈራ ልጅ ነው ይበልጥ የሚያሰጋው።

ጥያቄ፦

ልጄ ሰላምሽ ይብዛ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የምድር ባቡር ሰራተኛ ነኝ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ነው ቤቴ። የልጅ ልጆቼ ክረምት ላይ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ አራዊት አሳየን እያሉ ያስቸግሩኛል። ጉልበቴ ደክሟል፣ ባሌ የሚባለው ለኔ አይሆንም። እዚሁ ቅርብ የሚሆን ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦

አባቴ፣ አለ፣ እርስዎም ከማንም በላይ የሚያውቁት ቦታ ነው። ሐሮማያ ሐይቅን ሞልቶ አይተውታል፣ ሲደርቅም አይተዋል። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፣ ወፉም አብሮት መጥቷል። ከድሬ ተነስታችሁ ደንገጎን ወጥታችሁ ንፋሱን ትንሽ ተቀብላችሁ ከዛ ሐሮማያ መድረስ ነው፣ ጉልበት አይጠይቅም፣ መኪናው ውሃው አጠገብ ይቆምና እርስዎ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ ልጆቹ ዙሪያዎት ይሆናሉ። ባቢሌ ዝሆን አለ ይሉዎታል፣ እውነት ነው አለ፣ ግን ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ስለሚውል ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ፈልጎት ሳያየው ነው የሚመለሰው፣ ለርስዎ አልመክርም። ቁንዱዶ ተራራ ላይ ያሉት የዱር ፈረሶችም ዳገቱ ከባድ ነው፣ ወጣቶቹ ሲያድጉ ይሂዱበት።

ልጆቹ የግድ ትልቅ አውሬ ካሉ ምዕራብ ሐረርጌ ጭሮ አካባቢ ቁኒ ሙክታር የሚባል ለደጋ አጋዘን የተከለለ ቦታ አለ፣ ባሌ ሳይሄዱ ያንኑ አጋዘን ሊያዩ የሚችሉበት ነው። እዛ ግን ወረዳው ላይ ቀድመው ጠይቀው፣ የሚያውቅ ሰው ይዘው ነው የሚሄዱት።

ሐሮማያ ላይ ከ1 ሰዓት በፊት ይድረሱ፣ ጸሐይዋ ከጀርባችሁ እንድትሆን በምስራቁ ዳርቻ ተቀመጡ፣ ልጆቹ የሚያዩት ነገር ሁሉ ቀለሙ ይወጣላቸዋል። አንድ አቅርቦ ማያ መነጽር ለሁሉም ይበቃል፣ ተራ በተራ። ወፎቹን ስማቸውን ባያውቁትም ችግር የለውም፣ የድሮው ሐሮማያ ምን ይመስል እንደነበር እየነገሯቸው ይጠብቁ። ክረምት ስለሆነ ከሰዓት ዝናቡ ሳይመጣ ወደ ድሬ ውረዱ፣ የደንገጎ ቁልቁለት በዝናብ ያንሸራትታል።